ወበቅ የማይወደው ሣጥን

በካርቱም፣ በኦምዱርማንና በባሕሪ ሰፈሮች ከመስኮት ውጭ በብረት እግር ላይ የተቀመጠ የላሜራ ሣጥን ማየት የተለመደ ነው። ሦስት ጎኖቹ ተሸንሽነው ክፍት ናቸው፣ ከሥሩ ውሃ ጠብ ይላል፣ ሲሠራ ከሩቅ ይሰማል። ሱዳኖች «ሙከይፍ ሞያ» ይሉታል፤ የውሃ ማቀዝቀዣ ነው። ከደጋ ወርደው በካርቱም የኖሩ ኢትዮጵያውያን ከከተማዋ ሐሩር ጋር የታረቁት በአብዛኛው በዚህ ሣጥን አማላጅነት ነው። የሣጥኑን አሠራር የተረዳ ሰው ደግሞ የበረሃ ሙቀትና የባሕር ዳርቻ ወበቅ ለምን ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑም ይረዳል።

ሲከፈት ውስጡ ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። ከታች ጥልቀት የሌለው ገንዳ አለ፤ ተንሳፋፊ ኳስ ውሃው ሲጎድል ቧንቧውን ይከፍታል፣ ሲሞላ ይዘጋል። ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ወደ ላይ ገፍቶ በሦስቱ ጎኖች በታጨቀው ገለባ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ያንጠባጥበዋል። መሐል ላይ በሞተርና በቺንጊያ የሚዞር ማራገቢያ የውጭውን ትኩስ አየር በእርጥቡ ገለባ ውስጥ እየሳበ ወደ ክፍሉ ይነፋል። ኮምፕረሰር የለውም፣ ጋዝም የለውም። የሚጠቀመው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት መቶ ዋት ብቻ ነው፤ ተራ ኤሲ ግን ከአንድ ኪሎዋት በላይ ይፈልጋል። መብራት በሚያንስበትና በሚወደድበት ከተማ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ቅዝቃዜው የሚመጣው ከትነት ነው። ውሃ ወደ ተን ሲለወጥ ሙቀት ይወስዳል፤ አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 0.67 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በሣጥኑ ውስጥ ይህ ሙቀት የሚወሰደው ከሚያልፈው አየር ነው፤ ስለዚህ አየሩ ቀዝቅዞና ረጥቦ ይገባል። ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ የሚወስነው ግን የማሽኑ ጉልበት ሳይሆን አየሩ አስቀድሞ የተሸከመው ተን ነው። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ይህን የሚለኩት የቴርሞሜትርን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ነፋስ በማሳየት ነው። ትነት አየርን ሊያቀዘቅዝ የሚችለው ቢበዛ እርጥቡ ቴርሞሜትር እስካሳየው ቁጥር ድረስ ነው።

በቁጥር እንየው። የካርቱም የግንቦት ቀትር 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአየሩ እርጥበት 15 በመቶ ነው እንበል። እርጥቡ ቴርሞሜትር 22 ዲግሪ ገደማ ያሳያል። በደንብ የተያዘ ሣጥን በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ካለው ርቀት 80 በመቶ ያህሉን ስለሚጓዝ ወደ ክፍሉ የሚገባው ነፋስ 26 ዲግሪ ይሆናል። አሁን በቀይ ባሕር ዳር ያለ ምሽትን እንውሰድ፤ 34 ዲግሪ ሙቀት፣ 70 በመቶ እርጥበት። እርጥቡ ቴርሞሜትር 29 ገደማ ላይ ይቆማል፤ ሣጥኑ አየሩን ቢበዛ ወደ 30 ያወርደዋል፣ እሱንም በተን አጥግቦ። በስምንት ዲግሪ በሚሞቀው በካርቱም ክፍሉ የበለጠ ይቀዘቅዛል ማለት ነው።

የሰው አካልም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። የውጭው አየር ከቆዳችን ሲሞቅ ሙቀት ማስወጫው መንገድ ላብ ብቻ ይሆናል፤ የሚያቀዘቅዘን ግን የወጣው ላብ ሳይሆን የተነነው ነው። በወበቅ ውስጥ ላቡ ይንቆረቆራል፣ ሸሚዝ ከጀርባ ይጣበቃል፣ አየሩ ጠግቦ ስለማይቀበለው ግን ሙቀቱ ከአካል አይወጣም። በደረቅ ሐሩር ደግሞ ላቡ ሳይታይ ይተናል። ቆዳ ደረቅ ስለሚሆን ሰው ያላበው አይመስለውም፤ ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው ግን በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ሊያጣ ይችላል። የበረሃው ሙቀት አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ አፍንጫ ይደማል፣ ጥሙ ሲሰማ አካሉ ብዙ ውሃ አጥቷል። ስለዚህ በካርቱም ሳይጠሙ መጠጣት፣ በባሕር ዳርቻ ደግሞ ሥራን መቀነስና ነፋስ መፈለግ ይቀድማል።

ሌሊቱም ይለያያል። የውሃ ተን ከምድር ወደ ሰማይ የሚወጣውን ሙቀት ይዞ ያስቀራል። አየሩ ደረቅ በሆነበት በካርቱም በግንቦት ቀኑ በአማካይ ወደ 42 ሲጠጋ ሌሊቱ ወደ 27 ይወርዳል፤ በቅጥር ግቢ «አንገረብ» የሚባለውን የገመድ አልጋ ዘርግቶ ማደር የቆየ ልማድ የሆነው በዚህ ነው። በሞቃቶቹ ወራት የቀይ ባሕር ውሃ ራሱ ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ በፖርት ሱዳንና በምጽዋ ግን ጨለማው ያን ያህል እፎይታ አይሰጥም።

ካርቱምም ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አይደለችም። በሐምሌና በነሐሴ የደቡቡ እርጥብ ነፋስ ይደርሳል፤ ሱዳኖች ወቅቱን «ኸሪፍ» ይሉታል። ሙቀቱ ጥቂት ዲግሪ ይቀንሳል፣ የአየሩ እርጥበት ግን በእጅጉ ይጨምራል፣ ሣጥኑም ይደክማል። ያኔ ፓምፑን አጥፍቶ ማራገቢያውን ብቻ መተው ይሻላል። 

ማሽኑ በአሜሪካ አሪዞና በረሃ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቢስፋፋም፣ ሐሳቡ ለሱዳን አዲስ አልነበረም። በየመንገዱ ዳር በጥላ ሥር የሚቀመጠው «ዚር»፣ ለአላፊ አግዳሚ ጽድቅ ተብሎ የሚሞላው ትልቅ የሸክላ ጋን፣ የሚሠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ውሃው በሸክላው ስስ ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ይወዛል፣ ይተናል፣ የቀረውን ያቀዘቅዛል። ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ ይህንኑ ብልሃት በሁለት ድስቶችና በእርጥብ አሸዋ አሳድጎ አትክልት ማቆያ በመሥራቱ እ.ኤ.አ. በ2000 የሮሌክስ ሽልማት አግኝቷል።

ሣጥኑ የራሱ ጣጣ አለው። መጀመሪያ መስኮት መክፈት ያስፈልጋል፤ ረጥቦ የገባው አየር መውጫ ካላገኘ ክፍሉ ራሱ ወበቅ ይሆናል። ኤሲ የለመደ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ውሃው ሲተን ጨው ስለሚተው ገለባው ይጠነክራል፣ ይሸታልም፤ ከሙቀቱ ወራት በፊት መቀየር አለበት። «ሀቡብ» የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሣ ገለባው በአፈር ይደፈናል። ገንዳው ለረጅም ጊዜ ከቆመ ደግሞ የደንጊ በሽታ አስተላላፊ ትንኝ ይፈለፈልበታል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ማፍሰስና መፈግፈግ ግድ ነው። ከሁሉም በላይ ውሃ ይጠጣል፤ ቧንቧ በሌለበት ቤት በጀሪካን እየቀዱ ማስኬድ ያስቸግራል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች ወደ ፖርት ሱዳን ተዛወሩ፤ ብዙ ነዋሪም ተከተላቸው። በርካታ ኢትዮጵያውያን በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። ወደ ባሕሩ የሄደው ሰው ከሌላው መከራ በተጨማሪ የማያውቀው ሙቀት ጠበቀው፤ በካርቱም የተማረው የማቀዝቀዝ ዘዴ በሞቃቶቹ ወራት ወበቅ እዚያ አይሠራም። ወደ መተማ የመጣው ግን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሚያውቀውን ደረቅ ሐሩር አገኘ።

ለእኛም ቆላ ምርጫው ይኸው ነው። በመተማና በሰመራ ደረቅ ወራት የውሃ ማቀዝቀዣ ገንዘቡን ይመልሳል፤ በጋምቤላ ክረምት ግን ቬንትሌተር ይበልጠዋል። ለመግዛት ያሰበ ሰው ሁለት ተራ ቴርሞሜትር ይዞ፣ የአንዱን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሁለቱንም በጥላ ሥር ጥቂት ደቂቃ ያራግባቸው። ልዩነታቸው ከ10 ዲግሪ በላይ ከሆነ ይግዛ፤ ከ5 በታች ከሆነ ገንዘቡን ለቬንትሌተር ያውለው።