ተረትና እውነታ፦ የኮሪያውያን የዘወትር ገበታ

ሴኡል መሃል በሚገኘው ናምዴሙን ገበያ ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ለማለፍ የሚቸገርበት ጠባብ መተላለፊያ አለ። እኩለ ቀን ሲቃረብ ግራና ቀኙ በተጣዱ የአሉሚኒየም ድስቶች እንፋሎት ይሞላል። ድስቶቹ ውስጥ ያለው ጋልቺ ነው፤ እንደ ጎራዴ የረዘመ፣ ቆዳው እንደ ብር የሚያብረቀርቅ የባሕር ዓሣ። ከሥሩ በወፍራሙ የተቆረጠ ነጭ ፍጅል ይነጠፍለትና በአኩሪ አተር ስጎ፣ በነጭ ሽንኩርትና በበርበሬ ይንተከተካል። ፍጅሉ መረቁን እየመጠጠ ስለሚለሰልስ ከዓሣው ይልቅ እሱን የሚያስቀድሙ ተመጋቢዎች ብዙ ናቸው።

አገሩን በድራማ ብቻ የሚያውቅ ተመልካች ግን ኮሪያ ሲባል የሚመጣለት ሌላ ነው፦ ጠረጴዛው መሃል ፍም ላይ የሚንጨረጨር ሥጋ፣ ቀይ ወጥ የመሰለ ነገር የሞላበት ሳህን፣ ሶጁ የሚባል አረቄ ያለበት አረንጓዴ ጠርሙስ። ምስሉ ሐሰት አይደለም። የሚያሳየው ግን የምሽት ጨዋታን እንጂ የማክሰኞን ምሳ አይደለም። የማክሰኞው ምሳ ብዙ ጊዜ ዝም ያለ፣ ዓሣና አትክልት የሚበዛበት፣ ከበስተጀርባው ብዙ የእጅ ሥራ ያለበት ገበታ ነው።

«ሲጠብሱ የሚውሉ ሰዎች ናቸው»

ሥጋ ጠብሶ መብላት ከሥራ ባልደረባ ወይም ከጓደኛ ጋር ተሰባስቦ የሚደረግ ነገር ነው። የዘወትሩ ገበታ ስሙ ባፕሳንግ ሲሆን አራት ነገር ይበቃዋል፦ ሩዝ፣ ሾርባ፣ ኪምቺ የሚባል የቦካ አትክልት፣ እንዲሁም ባንቻን የሚባሉ ትንንሽ ማባያዎች። ማባያዎቹ የተቀቀለ ስፒናች በሰሊጥ ዘይት፣ የተጠበሰ ደቃቅ ዓሣ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ቶፉ ወይም እንቁላል ሊሆኑ ይችላሉ። መጀመሪያና ቀጣይ የሚባል የለም፤ ሁሉም አንድ ላይ ይቀርባል። «ባፕ» የሚለው ቃል የበሰለ ሩዝንም ማዕድንም ይጠራል፤ ሰው ሲገናኝም «ባፕ በልተሃል?» ብሎ ይጠያየቃል።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ስሕተት አብራ ትታረም። ኮሪያውያን ሩዛቸውን የሚበሉት በማንኪያ ነው። ብዙ ጊዜ ከብረት የሚሠሩት ቾፕስቲኮች ማባያውን ለማንሳት ያገለግላሉ። የሩዙን ሳህን አንስቶ ወደ አፍ ማስጠጋት በጃፓን የተለመደ ቢሆንም በኮሪያ እንደ ነውር ይታያል። ምግብ ቤት ውስጥ ደግሞ ማባያው ከዋናው ምግብ ጋር ይመጣል እንጂ ሒሳብ አይጠየቅበትም፤ ሲያልቅም ይጨመራል።

«ያለ ሩዝ አይኖሩም» የሚለው አባባልም ዕድሜው እየገፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ ደቡብ ኮሪያዊ በአማካይ በዓመት 136.4 ኪሎ ሩዝ ይበላ ነበር። በ2023 ይህ ቁጥር ወደ 56.4 ኪሎ ወርዷል። ቦታውን ዳቦ፣ ፓስታና ኑድል፣ ሥጋም ወርሰውታል።

«ያላቃጠለ አይበሉም»

በርበሬ መወደዱ አያከራክርም። ነገር ግን ኮሪያዊት እናት ስትወልድ የምትጠጣው፣ ልጇም በየልደቱ የሚቀርብለት የባሕር አረም ሾርባ በርበሬ አይነካውም። የበሬ አጥንት መረቁ ነጭ እስኪሆን ተቀቅሎ የሚዘጋጀው ሶልሎንግታንግ ጨውና የሽንኩርት ቅጠል የሚጨመርበት ገበታው ላይ ነው። ማኬሬል የሚባለው ዓሣ ሲጠበስ ብዙ ጊዜ ከጨው በቀር ሌላ ቅመም አይጨመርበትም። ኪምቺም ቢሆን በርበሬ የሌለው ነጭ ዓይነት አለው።

ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ ግን የታሪኩ ነው። የበርበሬ ተክል መነሻ አሜሪካ አህጉር ስለሆነ ወደ ኮሪያ የገባው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ነው። ሊቁ ዪ ሱግዋንግ በ1614 በጻፈው መጽሐፍ ከጃፓን የመጣ፣ ኃይለኛ መርዝ ያለበት ተክል አድርጎ ይገልጸዋል። ከዚያ በፊት የነበረው ኪምቺ በጨው፣ በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና ቾንቾ በሚባል አፍ የሚያደነዝዝ ፍሬ የሚጣፍጥ ነበር። ዛሬ በዓለም የሚታወቀው፣ ሙሉ ጥቅል ጎመን ቅጠል በቅጠል በቀይ ቅመም የሚሞላበት ኪምቺ የተስፋፋው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ነው።

ይህን በተግባር የሚያሳይ አንድ ድንቅ መጽሐፍ አለ። በ1670 አካባቢ ጃንግ ግየህያንግ የተባሉ፣ ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ ባለሙያ ሴት «ኡምሺክ ዲሚባንግ» የተሰኘ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ጻፉ። በዘመኑ ምሁራን የሚጽፉት በቻይና ፊደል ቢሆንም እሳቸው ተራው ሰው በሚያነበው በኮሪያ ፊደል ጻፉት። ሴቶች ልጆቻቸው እንዲገለብጡት ፈቅደው መጽሐፉን ይዘው እንዳይሄዱ ግን አስጠነቀቁ። ውስጡ 146 አሠራሮች አሉ። በአንዳቸውም በርበሬ አይገኝም።

ከእነዚያ አንዱ ኦማንዱ ይባላል። ሊጥ የለውም፤ ነጭ ሥጋ ያለው ዓሣ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ይቆረጥና በሙሌት ይጠቀለላል። ስለ ኮሪያ ምግብ የሚነገሩ ሁለት ተረቶች እዚች አንዲት ቁራጭ ላይ ይፈርሳሉ፤ በርበሬ የሌለባት የኮሪያ ምግብ ናት፣ ደግሞም ከቻይናው የተለየች ማንዱ (ጥቅል ምግብ) ናት።

«ማንዱ ማለት የቻይና ምግብ ነው»

ማንዱ በስስ ሊጥ የተጠቀለለ ሙሌት ነው። ለሳምቡሳ ወዳጅ ሐሳቡ እንግዳ አይሆንም፤ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ በእንፋሎት ወይም በሾርባ መብሰሉ ነው። ስሙ በእርግጥ ከቻይናው «ማንቱ» የወጣ ነው፤ ዛሬ ግን በሰሜን ቻይና ማንቱ ሙሌት የሌለው የእንፋሎት ዳቦ ነው። የኡዝቤክ «ማንቲ» እና የቱርክ «ማንት» የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በጎርዮ ሥርወ መንግሥት ዘመን የተደረሰ «ሳንግህዋጆም» የተሰኘ አንድ ዘፈን ከመካከለኛው እስያ የመጣ ሰው የሚነግድበትን ሱቅ ያነሳል፤ ሊቃውንት የሱቁን ሸቀጥ ከማንዱ ዓይነት ይቆጥሩታል። ስለዚህ ጥያቄው «የማን ነው?» ከሚሆን ይልቅ «እያንዳንዱ አገር ምን ጨመረበት?» ቢሆን ይሻላል።

ኮሪያውያን የጨመሩት ቶፉ፣ የማሾ ቡቃያና የበሰለ ኪምቺ ነው። ቤት ውስጥ ማንዱ የሚሠራበትን ቀን ያየ ሰው አብዛኛው ድካም ማድረቅ መሆኑን ያስተውላል። ቶፉው በጨርቅ ተጠቅልሎ ይጨመቃል። ኪምቺው ይከተፋል፤ እሱም ይጨመቃል። ቡቃያው ተቀቅሎ ለሦስተኛ ጊዜ ይጨመቃል። ውሃ ያዘለ ሙሌት ሊጡን ስለሚቀድ እዚህ ላይ መቸኮል አይቻልም። ከዚያ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ፣ ከስኳር ድንች ስታርች የተሠራ ኑድል፣ የሽንኩርት ቅጠል፣ እንቁላልና የሰሊጥ ዘይት ተጨምሮ በእጅ ይታሻል። ቤተሰቡ ጠረጴዛውን ከቦ ክቡን ሊጥ በግማሽ ያጥፋል፤ ሁለቱ ጫፎች ተሳስረው ትንሽ ባርኔጣ ይመስላሉ። ማንዱ አሳምራ የሠራች ሴት ቆንጆ ልጅ ትወልዳለች የሚል የቆየ አባባልም አለ። በመኸር በዓል ለሚሠራው ሶንግፕዮን የሩዝ ኬክም ይኸው ይባላል።

የመጀመሪያው ዙር ከእንፋሎት እንደወጣ በአኩሪ አተር ስጎና በኮምጣጤ እየተነከረ ምሳ ይሆናል። የተረፈው በረዶ ቤት ይገባና ሌላ ቀን በመጥበሻ ወይም በሾርባ ይመለሳል። ይህ ሁሉ በየቀኑ የሚሆን አይደለም፤ የሥራ ቀን ምሳ ማንዱ በአብዛኛው በረዶ ሆኖ ከሱቅ የተገዛ ነው። ቤት የሚሠራው ለእረፍት ቀንና ለአዲስ ዓመት ነው። ያኔም ቢሆን በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት አይደለም። የደቡብ ሰው በአዲስ ዓመት የሩዝ ኬክ ሾርባ ሲጠጣ፣ ሩዝ እንደ ልብ የማይበቅልበት የሰሜኑ ሰው ማንዱ ይጨምርበታል።

የስንዴ ዱቄት በድሮው ኮሪያ ብርቅ ነበር። «ጂንጋሩ»፣ ማለትም እውነተኛ ዱቄት፣ ይሉት ነበር፤ በብርቅነቱም የተነሳ ብዙዎች ማንዱን የሚጠቀልሉት ባክዊት በሚባለው የደጋ እህል ሊጥ ነበር። ስንዴ የተትረፈረፈው ከ1950–53ቱ ጦርነት በኋላ በአሜሪካ እርዳታ ነው። መንግሥትም ሩዝ ለመቆጠብ ስንዴ እንዲበላ ቀስቅሷል፤ በ1969 ምግብ ቤቶች ረቡዕና ቅዳሜ ሩዝ እንዳይሸጡ የሚከለክል ትእዛዝ እስከማውጣት ደርሷል። የባክዊቱን ዘመን ለመቅመስ የሚፈልግ ወደ ቹንቾን ይሂድ። የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች መታሰቢያ የቆመባት፣ በተራራማ አካባቢ የምትገኘው ይህች ከተማ ማክጉክሱ በተባለ የባክዊት ኑድሏ ትታወቃለች።

«ዓሣ ማለት ጥሬ ዓሣ ነው»

ደቡብ ኮሪያ በነፍስ ወከፍ የባሕር ምግብ ፍጆታ ከዓለም ቀዳሚዎች ተርታ ናት። ጥሬው፣ ህዌ የሚባለው፣ የዚህ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም የጃፓን ግልባጭ አይደለም። ጃፓናዊ ባለሙያ ዓሣውን አሳርፎ ለስላሳ ሲያደርገው ኮሪያዊው ከምግብ ቤቱ በር ላይ ካለው ገንዳ በሕይወት አውጥቶ ወዲያው ይቆርጠዋል፤ የሚፈለገው ጥርስ ላይ የሚጎተተው ጥንካሬ ነው። ቁራጩ በኮምጣጤ የቀጠነ የበርበሬ ድልህ ይነካና በሰላጣ ቅጠል ይጠቀለላል። ጭንቅላቱና አጥንቱ አይጣልም፤ መጨረሻ ላይ ሜውንታንግ የሚባል የሚያቃጥል ሾርባ ሆኖ ይመለሳል።

የዘወትሩ ዓሣ ግን እሳት የነካው ነው። በአፓርታማ ውስጥ ማኬሬል መጥበስ ሽታው ቀናትን ስለሚቆይ ብዙዎች ይህን ሥራ ለምግብ ቤት ይተዋሉ። ከባሕር የራቀችው አንዶንግ እንኳ በማኬሬል ስሟ የገነነ ነው። በድሮ ዘመን ነጋዴዎች ከዮንግዶክ የባሕር ዳርቻ ተሸክመው ሲመጡ ዓሣው ሊበላሽ ሲል ጨው ይነሰንሱበት ነበር፤ ከችግር የተወለደው ያ ጣዕም ዛሬ ለስጦታ ይላካል።

ለዚህ አገር ሰዎች አንድ ዓሣ ምን ያህል እንደሚቀርባቸው ለማወቅ ግን ምዮንግቴን ማየት ይበቃል። ትኩሱ ሴንግቴ፣ በረዶ የሆነው ዶንግቴ፣ የደረቀው ቡጎ፣ ከፊል የደረቀው ኮዳሪ፣ ግልገሉ ኖጋሪ ይባላል። ኋንግቴ የሚባለው ደግሞ በዴግዋልዮንግ ተራሮች ክረምቱን ሙሉ በእንጨት ማማ ላይ ይሰቀላል። ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ቀን ይቀልጣል፤ በመቶ ሌሊቶች ውስጥ ሥጋው ቢጫና ሰፍነግ የመሰለ ይሆናል። ትላንት የጠጣ ሰው ጧት የሚፈልገው ሾርባ ከዚሁ ይሠራል። አዲስ ሱቅ ሲከፈትም ደረቅ ምዮንግቴ በክር ታስሮ ከበሩ በላይ ይንጠለጠላል፤ ክፉ ያርቃል ተብሎ። የሚያሳዝነው ዓሣው ራሱ ከኮሪያ ባሕር መጥፋቱ ነው። ከ2019 ጀምሮ ማጥመዱ የተከለከለ ሲሆን ገበያው የሚሞላው በአብዛኛው ከሩሲያ በሚመጣ ነው።

«የበሰበሰ ዓሣ ይበላሉ» የሚለው ወሬ የሚነሳው ከሆንጎ ነው። ሆንጎ በጆላ ክፍለ አገር በሠርግና በለቅሶ የማይታጣ ጠፍጣፋ ዓሣ ሲሆን ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ዓሣው በሰውነቱ ዩሪያ ያከማቻል፤ ሲሞት ዩሪያው ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያው ደግሞ የሚያበሰብሱትን ተሕዋስያን ያግዳል። ያለ ጨው ሳይበላሽ የሚቦካው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ኮሪያውያንም አፋቸው አያስጠጉትም።

ከዓሣ ወጣ ስንል፣ ስለ ውሻ ሥጋም ሁሌ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ይበላ እንደነበር እውነት ነው፤ የዘወትር ምግብ ግን አልነበረም፣ ወጣቱም ርቆታል። በጥር 2024 የአገሪቱ ምክር ቤት ለምግብ ውሻ ማርባትን፣ ማረድንና መሸጥን የሚከለክል ሕግ አጽድቋል፤ ቅጣቱ ከ2027 ጀምሮ ይጸናል።

«ኪምቺ ለጾም ይሆናል»

በኮሪያ ለሚማሩና ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ከሁሉ የሚጠቅመው እርማት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ኪምቺ ጎመን ይምሰል እንጂ አብዛኛው ሴውጆት በሚባል የጨው ሽሪምፕ ወይም ከደቃቅ ዓሣ በተጣራ ኤክጆት የቦካ ነው። የአኩሪ አተር ድልህ ወጡም ዴንጃንግ ጂጌ እህል ብቻ ይመስላል፤ መረቁ ግን በብዛት የደረቀ ዓሣ ተቀቅሎበት የወጣ ነው። «የኪምቺ ማንዱ» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው አትክልት ነው ብሎ ሊያዝ ይችላል፤ ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ይኖረዋል። ቅርፊት የሌለው ዓሣ የማይበሉ ሰዎችም ያ የናምዴሙን ጋልቺ የሚያብረቀርቀው በቅርፊት እንዳይመስላቸው፤ ቅርፊት የለውም። ማኬሬል ግን አለው።

ከእንስሳ የራቀ ማዕድ የሚገኘው በቡድሃ ገዳማት ነው። የገዳሙ ምግብ ሥጋና ዓሣን ብቻ ሳይሆን ነጭ ሽንኩርትንና የሽንኩርት ዘመዶችን ይተዋል። ሴኡል ውስጥ በጆግዬሳ ቤተ መቅደስ ፊት ለፊት የቡድሃ እምነት ተቋም የሚያስተዳድረው ባልዉ ጎንግያንግ የሚባል ምግብ ቤት አለ። እዚያ መረቁ የሚወጣው ከእንጉዳይና ከባሕር አረም ነው፤ ኪምቺውም ዓሣ አይገባበትም።