ሁለት እግር አለን ብለን ሦስት ዛፍ ስንወጣ

ታክሲው፣ የባንኩ ዕዳና የቤቱ እድሳት ባንድ ጊዜ ሲመጡ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል ያገራችን ሰው። በዌሪቢና በአካባቢዋ ከምንኖር ባለታክሲዎችና ባለሱቆች መካከል ግን ባንድ ጊዜ ሦስት ዛፍ ላይ የወጣው ጥቂት አይደለም። አንደኛው ዛፍ የዕለት እንጀራ የሚገኝበት መኪና ወይም ሱቅ ነው። ሁለተኛው የቤት ዕዳው፣ ታክሱና አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ነው። ሦስተኛው ደግሞ «ይህችን ወጥ ቤት እንኳ ላድሳት» ተብሎ ተጀምሮ ሳያልቅ የከረመው የቤት ሥራ ነው።

እያንዳንዱ ለየብቻው ቢሆን የሚቻል ነው። ከዚህ የባሰውንም ችለን የመጣን ሰዎች ነን። ችግሩ ሦስቱ ባንድ ዓመት፣ ባንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲወድቁ ነው። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚያልቀው እንቅልፍ ነው፤ ቀጥሎ ትዕግሥት፤ ከዚያም ገንዘብ። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ጥያቄ «ሦስቱንም እንዴት እንቻላቸው?» የሚል ሳይሆን «የትኛውን አስቀድመን እናውርድ?» የሚል ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍናቸው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ድካም ነው ወይስ ዝለት?

ድካም አንድ ሁለት ሌሊት ጥሩ ተኝተው ሲያድሩ ይለቃል። ዝለት ግን ተኝተውም አይለቅም። ፈረንጆች «በርንአውት» ይሉታል፤ ነዶ ማለቅ እንደ ማለት ነው። ቃሉን በ1974 በሙያ ጽሑፍ ያስተዋወቀው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ በኒውዮርክ ይሠራ የነበረ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ አስገብቶታል፤ ራሱን የቻለ በሽታ ነው ብሎ ሳይሆን፣ መላ ሳይበጅለት ሥር ከሰደደ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ሁኔታ ነው ብሎ። ምልክቶቹንም ሦስት አድርጎ ዘርዝሯል፤ አቅም መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መሸሽ፣ የሚሠሩት ሥራ ፍሬ ማጣት።

ይህን ወደ እኛ ኑሮ ስንመልሰው ለማወቅ አይቸግርም። ከተሳፋሪ ጋር እየተጫወተ ይውል የነበረው ነጂ አሁን «ወዴት ነው?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ ቃል አይወጣውም። ባለሱቋ ደንበኛ በሩን ሲከፍት ደስ በማለት ፈንታ ፊቷ ይከፋል። ከባንክ የመጣው ፖስታ ሳይከፈት መኪናው ውስጥ ይከማቻል። ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ውሃ ቢያፈስ የጩኸቱ መጠን ከጥፋቱ አሥር እጥፍ ይሆናል። ሰውየው ሲጠየቅ ግን «ጨጓራዬ ነው» ወይም «ትንሽ ራሴን አሞኝ ነው» ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

የ168 ሰዓት ሂሳብ

ገንዘብ መቁጠር የምናውቀውን ያህል ሰዓት መቁጠር አልለመድንም። እስቲ እንቁጠር። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በ12 ሰዓት ፈረቃ ስድስት ቀን የሚነዳ ሰው 72 ሰዓት መሪ ላይ ያሳልፋል። በቀን 7 ሰዓት ቢተኛ 49 ሰዓት ይሄዳል። ለመብላት፣ ለመታጠብና ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስ በቀን 3 ሰዓት ብንይዝ 21 ሰዓት ነው። ለገበያ፣ ለሂሳብ ሥራ፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ፣ ለለቅሶና ለሠርግ በሳምንት 10 ሰዓት ብቻ እንበል። የቀረው 16 ሰዓት ነው።

ወጥ ቤቱን ወይም መታጠቢያ ቤቱን በራሱ እጅ የሚያድስ ሰው በሳምንት 20 ሰዓት ቢያስፈልገው 4 ሰዓት ይጎድለዋል። ጉድለቱም በዚህ አያበቃም። ያ 16 ሰዓት ትርፍ ጊዜ አልነበረም፤ ከባለቤት ጋር ቡና የሚጠጣበት፣ ከልጆች ጋር የሚወራበት፣ ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ነበር። እድሳቱ ሲጀመር የሚከፈለው ከእንቅልፍ ወይም ከትዳር ተቆርጦ ነው ማለት ነው።

ባለሱቅም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ሰባቱንም ቀን የሚከፍት ሰው 70 ሰዓት ቆሞ ይውላል፤ ዕቃ ማምጣቱ ገና አልተቆጠረም። ደግሞም የባልን ሰዓት ብቻ አንቁጠር። በአረጋውያን መጦሪያ ፈረቃ ሠርታ መጥታ፣ ወጥ ቤቱ ስለፈረሰ ጋራዥ ውስጥ ምጣድ ጥዳ የምትጋግር እናት የእሷም 168 ሰዓት አልቋል።

17 ሰዓት ሳይተኙ መንዳት

ለታክሲ ነጂ ነገሩ ከቤት ጣጣ ያልፋል። ድሩ ዳውሰንና ካትሪን ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች እዚሁ አውስትራሊያ ውስጥ ያደረጉትን ጥናት በ1997 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አውጥተው ነበር። ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ዓይኑንና እጁን አቀናጅቶ የመሥራት ችሎታው፣ ደሙ ውስጥ 0.05 የአልኮል መጠን ካለበት ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝተውታል። 24 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ወደ 0.10 ይጠጋል። በቪክቶሪያ ሕግ ሰው ጭኖ የሚነዳ ባለታክሲ የሚፈቀድለት የአልኮል መጠን ዜሮ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

እንግዲህ ይህን ሰው እንመልከት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ እስከ ቀትር ሰድላ ሲያነጥፍ ዋለ። ታጥቦ፣ ጎርሶ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መኪናውን ተረከበ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲሆን 17 ሰዓት ሞላው። ፈረቃው የሚያልቀው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስለሆነ ገና 4 ሰዓት ይነዳል። ከዚያ ከቱላማሪን ተነሥቶ በዌስተርን ሪንግ ሮድና በፕሪንስስ ፍሪዌይ ዌሪቢ ድረስ መግባት አለበት። ፖሊስ አስቁሞ ቢያስነፋው ንጹሕ ነው። ሰውነቱ ግን ንጹሕ አይደለም። የጫነው የሰው ልጅ ነው፤ እሱንም የሚጠብቁት ልጆች አሉት። ሰድላ ያነጠፉበት ቀን ለመንዳት የማይወጡበት ቀን ይሁን የምንለው ለዚህ ነው።

ፕሌቱ ያስተማረን

የቤትን ዕዳ ከሥራ ጋር ማስተሳሰር የሚያመጣውን መዘዝ የቪክቶሪያን የታክሲ ታሪክ ያህል የሚያስረዳ የለም። በ2010 አካባቢ የሜልበርን የታክሲ ፈቃድ፣ እኛ «ፕሌት» የምንለው፣ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። «ፕሌት ጡረታ ነው» እየተባለ ቤቱን በመያዣነት አስይዞ የገዛ ስደተኛ ነበረ። ከዚያም ኡበር ሜልበርን ገባ። በ2017 አዲስ ሕግ ወጣና ኦክቶበር 9 ቀን 2017 ነባሮቹ ፈቃዶች ተሰረዙ። መንግሥት ለመጀመሪያው ፈቃድ 100 ሺህ ዶላር፣ ለተጨማሪዎቹም እስከ ሦስት ድረስ ለእያንዳንዳቸው 50 ሺህ ዶላር ከፈለ። በኡበር ላይ በቪክቶሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቀረበው የጋራ ክስም በ2024 በ271.8 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ፤ የሚካፈሉት ግን ከ8,000 በላይ ባለታክሲዎችና ነጂዎች ነበሩ።

ፕሌቱ ጠፋ፤ ዕዳው ግን አልጠፋም። ያንኑ ዕዳ ለመክፈል ብዙ ሰዓት መንዳት ግድ ሆነ። ዛሬ ፕሌት የለም፤ ነገር ግን ለእድሳት ወይም ለሱቅ ዕቃ ተብሎ የቤት ብድር ሲጨመር ያው ቋጠሮ ይቋጠራል። የአውስትራሊያ ማዕከላዊ ባንክ ከሜይ 2022 እስከ ኖቬምበር 2023 ባለው ጊዜ ብቻ ወለዱን 13 ጊዜ አንሥቶ ከ0.10 ወደ 4.35 በመቶ አድርሶታል። በዝቅተኛው ወለድ ተሰልቶ የተጀመረ ወጥ ቤት በከፍተኛው ወለድ ያለቀበት ቤተሰብ ትርጉሙን ያውቀዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ እድሳቱን አስቀድማችሁ አውርዱ። ከሦስቱ ዛፎች መጠበቅ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ልጅ ይርበዋል፤ ባንክ ቀን ይቆጥራል፤ የወጥ ቤት መደርደሪያ ግን አንድ ዓመት ቢቆይ አይከፋም። የማይቆይ ሥራ አለ፤ የሚያፈስ ጣራ፣ የተሰበረ የውሃ ቧንቧ፣ አደገኛ የኤሌክትሪክ መስመር። እሱ ይሠራ፤ ጌጡ ይቆይ። የኤሌክትሪክ ሥራ ግን አገር ቤት እንደለመድነው በራሳችን እጅ አይነካም። እዚህ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሲጨርስም የደኅንነት የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

የዌሪቢ አፈርም የራሱ ጠባይ አለው። የሜልበርን ምዕራባዊ ሜዳ አፈሩ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲረጥብ የሚያብጥ ሸክላ ነው። የአዲስ አበባን መረሬ መሬት የሚያውቅ ሰው ይህንንም ያውቀዋል። የተሰነጠቀ ግድግዳ ስታዩ ጂፕሰም ገዝታችሁ ለመሙላት አትቸኩሉ፤ ምክንያቱ ከሥር ከሆነ በሚቀጥለው በጋ ይመለሳል። ከ1990 በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ወይም ጣራው አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላልና ከመቁረጣችሁና ከመብሳታችሁ በፊት አስመርምሩ። በአውስትራሊያ ሙሉ በሙሉ የታገደው ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ነው።

ሁለተኛ፣ ያለ ውል ቀብድ አትስጡ። በ1995 የወጣው የቪክቶሪያ የቤት ግንባታ ውል ሕግ 20 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ሥራ ቀብዱ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። «ግማሹን በጥሬ ገንዘብ ስጡኝ» የሚል ሠራተኛ ሲመጣ ሸኙት። በ2023 ፖርተር ዴቪስ የተባለው ትልቅ የቤት ሥራ ድርጅት ሲከስር 1,700 ያህል ቤቶች ቆመው ቀሩ። ብዙ ቤተሰቦችም ቀብድ ከፍለው ሳለ ኢንሹራንሱ በስማቸው እንዳልተገባ ያወቁት ያን ጊዜ ነበር። ስለዚህ የኢንሹራንሱን ወረቀት በዓይናችሁ ሳታዩ ገንዘብ አይውጣ። የሠራተኛውን ምዝገባ ከጁላይ 2025 ጀምሮ የሚቆጣጠረው የሕንፃና የቧንቧ ኮሚሽን ስለሆነ እዚያ አጣሩ።

ሦስተኛ፣ የመንግሥትን ገንዘብ ለየብቻው አስቀምጡ። ሌላው ነጋዴ ለጂ.ኤስ.ቲ. የሚመዘገበው ገቢው በዓመት 75 ሺህ ዶላር ሲደርስ ነው፤ ታክሲና ኡበር የሚነዳ ግን ከመጀመሪያዋ ዶላር ጀምሮ መመዝገብ አለበት። ከ1,100 ዶላር የተሳፋሪ ሂሳብ ውስጥ 100 ዶላሩ ጂ.ኤስ.ቲ. ነው። ሌላ የባንክ ሂሳብ ከፍታችሁ በየሳምንቱ እዚያ አስገቡት። በየሦስት ወሩ ለሚያስታውቅ ሰው ቀኖቹ ኦክቶበር 28፣ ፌብሩዋሪ 28፣ ኤፕሪል 28 እና ጁላይ 28 ናቸው። የደከመ ሰው በኪሱ ያለውን ሁሉ የራሱ ይመስለዋል፤ ሰድላ የተገዛው በታክሱ ገንዘብ እንደሆነ የሚታወቀው ቀኑ ሲደርስ ነው።

አራተኛ፣ ዕቁባችንን ለእድሳት ልጓም እናድርገው። ዕቁብ ሲወጣ አንድ ክፍል ይታደሳል፤ እስኪደርስ ድረስ መዶሻ አይነሣም። እንዲህ ሲሆን ብድር አይጨመርም፤ ሰውነትም ያርፋል። የጂ.ኤስ.ቲ.ውን ገንዘብ ግን ዕቁብ አትጣሉበት። ለጉልበቱ ሥራ ደግሞ ደቦ አለን። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ቀለም መቀባትና ግቢ ማጽዳት አምስት ሰው ቢሰበሰብ የአንድ እሑድ ሥራ ነው።

አምስተኛ፣ ለባንኩ ቀድማችሁ ተናገሩ። ዕዳ መክፈል ሲያቅት መደበቅ የጨዋ ወግ ይመስለናል። በዚህ አገር ሕግ ግን ተበዳሪ «ችግር ገጥሞኛል» ብሎ ለቤት ብድሩ እፎይታ ሲጠይቅ አበዳሪው በ21 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ተጨማሪ መረጃ ከፈለገም ይጠይቃል። የክፍያ ቀን ካለፈ በኋላ ከመጠየቅ ከማለፉ በፊት መጠየቅ ይሻላል። ታክስ መሥሪያ ቤቱም ዕዳን በየጊዜው ከፋፍሎ ለመክፈል ስምምነት ያደርጋል።

ስድስተኛ፣ ለሐኪም ንገሩ። የቤተሰብ ሐኪም የአእምሮ ጤና የሕክምና ዕቅድ ካወጣላችሁ ሜዲኬር በዓመት እስከ 10 ጊዜ የባለሙያ ምክር ወጪ ያግዛል። አማርኛ የሚያስተረጉም በስልክ ይገኛል። «ሰው ያውቀኛል» ብላችሁ ከፈራችሁ ሌላ ከተማ ያለ አስተርጓሚ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ጠቃሚ ስልኮች

የዕዳ ምክር በነጻ፦ 1800 007 007
ለአነስተኛ ነጋዴዎች የዕዳ ምክር በነጻ፦ 1800 413 828
የባንክ ቅሬታ ሰሚ፣ አፍካ፦ 1800 931 678
አስተርጓሚ፦ 131 450
ልብ ሲጨልም፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ላይፍላይን፦ 13 11 14

በሚቀጥለው የዕረፍት ቀናችሁ ከቡናው በኋላ ባልና ሚስት አንድ ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ። የሁለታችሁን 168 ሰዓት በየአምዱ ጻፉት። ሂሳቡ አልሞላ ሲል ከእንቅልፍ አትቀንሱ፤ ከእድሳቱ ቀንሱ። ወጥ ቤቱ ባይጠናቀቅም፣ የሚበላበት ቤተሰብ ጤነኛ ሆኖ ከጠበቀ፣ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ቸር ይግጠመን።