የመኪና አየር ማቀዝቀዣ ሲጮኽ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ለንግድ ሥራ የተሰማራ መኪና የባለቤቱ ሀብት ብቻ ሳይሆን የሥራው እግር ጭምር ነው። መኪናው በመንገድ ላይ ሲቆም ዕቃው ይዘገያል፤ ደንበኛው ይቀየማል፤ ትርፉም ይቀንሳል። በተለምዶ ኤሲ የሚባለውን የአየር ማቀዝቀዣ ግን ብዙ ሰው ለምቾት ብቻ የተሠራ መስሎት ችላ ይለዋል። ይህ መሣሪያ ሲበላሽ መኪናውን በሙሉ ሊያስቆም እንደሚችል የሚያስተውሉት ጥቂቶች ናቸው።

እንደ መራዊ ባለ ወይና ደጋ አገር ማቀዝቀዣው ሳይከፈት ወራት ያልፋሉ። ነገር ግን ከመራዊ ተነሥቶ በዳንግላ፥ በቡሬና በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ነጋዴ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርድ ሙቀቱ ስለሚበረታበት መሣሪያውን ይከፍታል። ሥራ ፈትቶ የከረመው መሣሪያ በዚያን ጊዜ መጮኽ ቢጀምር የሚያስደንቅ አይደለም። ጋዙን የሚጨምቀውን ኮምፕሬሰር የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋራ አብሮ የሚዞር ነውና፥ መሣሪያው ሳይሠራ ሲቆይ የጎማ ማሸጊያዎቹ ይደርቃሉ፤ ጋዙም በጥቂት በጥቂቱ ይሾልካል።

ድምፅ በተሰማ ጊዜ አስቀድሞ መለየት የሚገባው ድምፁ መቼ እንደሚሰማ ነው። ይህንም ለማወቅ መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ሞተሩም ይነሣ። ከዚያም በሦስት ተራ ይደመጣል።

በመጀመሪያ፥ ማቀዝቀዣውም ቬንትሌተሩም ተዘግተው ይደመጣል። በዚህ ጊዜ ከሞተሩ ፊት የማያቋርጥ የማጉረምረም ድምፅ ቢሰማና ማቀዝቀዣው ሲከፈት ቢጠፋ ወይም ቢለወጥ፥ ብዙውን ጊዜ ያለቀው የኮምፕሬሰሩ ፑሌጃ ኩሽኔታ ነው። በብዙ መኪና ኩሽኔታው ለብቻው ስለሚለወጥ፥ ኮምፕሬሰሩን በሙሉ ለመግዛት መቸኮል አይገባም።

በሁለተኛ ደረጃ፥ ቬንትሌተሩ ብቻ ተከፍቶ ፍጥነቱ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ከዳሽቦርዱ ውስጥ ከፍጥነቱ ጋራ የሚጨምር የመንኳኳት ወይም የመንኮሻኮሽ ድምፅ ቢሰማ፥ የባሕር ዛፍ ቅጠል ወይም ወረቀት ገብቶበት ይሆናል። እህል የሚጫንበት መኪና ከሆነ ደግሞ አይጥ ጎጆ ሠርታበት ሊገኝ ይችላል። የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ ማጽዳት፥ ቬንትሌተሩንም ፈትቶ ማየት ብዙ ወጪ የሌለው ሥራ ነው።

በመጨረሻ ማቀዝቀዣው ይከፈታል። ወዲያው የሚያፏጭ ጩኸት ቢሰማ ቺንጋው ላልቷል ወይም አርጅቷል። ኮምፕሬሰሩ ቶሎ ቶሎ ቀጭ እያለ የሚያዝና የሚለቅ ከሆነ ጋዙ መጕደሉን ያመለክታል። ብረት ከብረት እንደሚፋጭ ያለ ወይም ጠንካራ የማንኳኳት ድምፅ ቢሰማ ግን ማቀዝቀዣው ወዲያው መዘጋት አለበት። ከኮምፕሬሰሩ የሚረግፈው የብረት ብናኝ በቧንቧው ውስጥ ተሰራጭቶ ሌሎቹን ክፍሎች ያበላሻልና። ከዚህም በላይ ኮምፕሬሰሩ ነክሶ ቢቆም ቺንጋው ሊበጠስ ይችላል፤ በብዙ መኪናዎች ደግሞ ዲናሞውንና የውሃውን ፓምፕ የሚያዞረው ያው ቺንጋ ስለ ሆነ፥ መኪናው በበረሃው መካከል ይቆማል።

ሁሉም ድምፅ ግን የብልሽት ምልክት አይደለም። መሣሪያው ሲዘጋ ለጥቂት ሴኮንዶች የሚሰማው የእስትንፋስ ዐይነት ድምፅ የጋዙ ግፊት እኩል ሲሆን የሚመጣ ነው። ከዳሽቦርዱ ሥር ውሃ ሲንቦጫቦጭ ተሰምቶ ምንጣፉ ቢርስ ደግሞ ውሃ ማስወገጃው ቱቦ ስለ ተደፈነ እርሱን መጥረግ ይበቃል።

በየጋራዡ የተለመደው ስሕተት ድምፅ በተሰማ ቍጥር ጋዝ መጨመር ነው። ጋዝ በሾለከበት ሁሉ ዘይትም አብሮ ሊወጣ ስለሚችል፥ ቀዳዳው ሳይደፈንና ዘይቱ ሳይተካ ጋዝ ብቻ የሚሞላበት ኮምፕሬሰር በድርቀት ያልቃል። ከመጠን በላይ የተሞላ ጋዝም ራሱ ግፊቱን አብዝቶ ጩኸትን ያመጣል። ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው፥ አስቀድሞ የሚሾልክበትን ቦታ መፈለግ ይገባል።

ጋዝ ለሚያስመጡና ለሚሸጡ ነጋዴዎችም ሌላ ጥንቃቄ አለ። ለመኪናው የሚስማማው የጋዝ ዐይነትና መጠን በሞተሩ ክዳን ሥር በተለጠፈው ጽሑፍ ይገኛል። በብዙ መኪናዎች የሚሠራበት አር 134 ኤ ነው። ይህን ስም ይዞ የሚሸጥ ሐሰተኛ ጋዝ መኖሩ ግን የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሌሎች አገሮች ወደቦች ማቀዝቀዣ ያላቸው ኮንቴይነሮች ፈንድተው ሠራተኞች ሞተዋል፤ ምክንያቱም ከአሉሚኒየም ጋራ ሲገናኝ አደገኛ ነገር የሚፈጥር ሜቲል ክሎራይድ የተቀላቀለበት ጋዝ ነበር። ስለዚህ ዋጋው እጅግ የረከሰ ሲሊንደር ሲቀርብ ምንጩን ሳይመረምሩ መግዛት አይገባም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች እየበዙ ሄደዋል። የእነዚህ ኮምፕሬሰር ያለ ቺንጋ በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኀይል የሚሠራ ነው። በብዙዎቹም ባትሪውን ለማቀዝቀዝ የሚያገለግል ስለ ሆነ፥ መኪናው ቆሞ ኤሌክትሪክ ሲሞላ የጕምጕምታ ድምፅ ቢያሰማ አያስደነግጥም። ነገር ግን ለተራው ኮምፕሬሰር የሚደረገው ዘይት የኤሌክትሪክ መከላከያውን ሊጎዳ ስለሚችል ከቶ አይጨመርበትም፤ ብርቱካናማ ሽቦዎቹንም ያልሠለጠነ ሰው ሊነካቸው አይገባም።

ብልሽትን አስቀድሞ ለመከላከል፥ የአገሩ አየር ቀዝቃዛ ቢሆንም እንኳ፥ ማቀዝቀዣውን በሳምንት አንድ ጊዜ ለ10 ደቂቃ ያህል መክፈት ይጠቅማል። ወደ ጋራዥ የሚሄድም ሰው ድምፁ በሦስቱ ተራ መቼ እንደ ተሰማ በወረቀት ጽፎ ለመካኒኩ ቢሰጥ፥ የማያስፈልግ ዕቃ ከመግዛት ይድናል።