ደመናው ደንገጎ ላይ ነው

ክረምት በመጣ ቁጥር ስለ ማዕበልና ስለ ከባድ ዝናብ የሚሰጡ የጥንቃቄ ምክሮች ከቻናል ቻናል ይዘዋወራሉ። አብዛኞቹ ከውጭ አገር የተቀዱ ናቸው፤ ምግብና ውሃ አከማቹ፣ ስልክ ቻርጅ አድርጉ፣ በርና መስኮት ዝጉ፣ እስኪያልፍ ከቤት አትውጡ ይላሉ። ለበረዶ አገር ትክክለኛ ምክር ነው። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ገና ሰሞን፣ የአሜሪካዋን ቡፋሎ ከተማ የመታው የበረዶ ውሽንፍር ከ40 በላይ ሰው ሲገድል፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ወይም መኪናቸው ውስጥ እንዳሉ የቀሩ ነበሩ። በጥር 2008 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ከባድ በረዶ ሲጥል ደግሞ የከተማው ባቡር ቅዳሜና እሁድ እንደሚዘጋ ቀድሞ ተነግሮ ስለነበር፣ ሰው አስቤዛውን ሸምቶ ቤቱ ገብቶ ለመጠበቅ ጊዜ አግኝቷል። በረዶ ቀን ሰጥቶ ይመጣል፤ ቤትም መጠለያ ይሆናል። ድሬዳዋ ላይ ሁለቱም የሉም። የእኛ ጎርፍ ቀን አይሰጥም፤ ክፉኛ የሚጎዳውም ቤቱ ውስጥ የተኛውን ሰው ነው። ስለዚህ የድሬ ሰው የክረምት ዝግጅት ከምንም በፊት ቤት ጥሎ የመውጣት ዝግጅት መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። መቼ፣ በየት በኩል፣ ማን ማንን ይዞ እንደሚወጣ የሚወሰነውም አሁን፣ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ደርቆ ሳለ ነው።

ይህን የሚያስገድደን የመሬታችን አቀማመጥ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ ግርጌ ተቀምጣለች። ወደ ደቡብ ቀና ሲሉ የሚታየው የደንገጎ ተራራ ደግሞ ከ2000 ሜትር ያልፋል። በመካከላቸው ባለው አጭር ርቀት ውስጥ ይህን ያህል ቁልቁለት አለ። የተዳፋቱ ዛፍ ተመናምኗል፤ አፈሩም ስስ ነው። ዝናብ ሲወርድ የሚመጠው ስለሌለ ከየሸለቆው እየተጠራቀመ ወደ ደቻቱና ወደ ጎሮ ወንዞች ይወርዳል። ደቻቱን አብዛኛውን ዓመት የምናውቀው በደረቅ አሸዋነቱ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ባጃጅ ይነዳበታል፣ ሸቀጥ ይዘረጋበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ጎርፉን አታላይ የሚያደርገው ይኸው ነው። ውሃው ከተማው ውስጥ እንዲገባ ከተማው ላይ መዝነብ የለበትም። ከዚራ ሰፈር ላይ ኮከብ እየታየ፣ ሙቀቱ አላስተኛ ያለው ሰው ግቢው ውስጥ ሰሌን አንጥፎ ጋደም ብሎ ሳለ፣ ደንገጎ ላይ የዘነበው ውሃ ቁልቁል ጉዞ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ሲደርስም ጭቃ፣ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ነው።

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ የሆነው ይህ ነው። ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ ደቻቱ ሞልቶ ወጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ያለ ቤት ቀረ። ያንን ሌሊት ሳስበው የውሃው ብዛት ብቻውን ይህን ሁሉ ሰው የገደለ አይመስለኝም፤ ሰዓቱም ገድሏል። ቀን ቢሆን አንዱ አይቶ ይጮሃል፣ ሌላው ልጁን አንጠልጥሎ ይሮጣል። ሌሊት ግን የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ፍራሹ ሥር የገባው ውሃ ነው፤ ያኔ ደግሞ ረፍዷል። በፍጥነት የሚፈስ ውሃ ጥልቀቱ 15 ሴንቲሜትር ቢሆን እንኳ፣ ማለትም ከስንዝር ቢያንስም፣ ጎልማሳን ከእግሩ ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲሜትር ሲሆን ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሲደርስ አብዛኛውን ተሽከርካሪ ይዞ ይሄዳል። ባጃጅ ምን ያህሉ እንደሚበቃው መገመት አያዳግትም።

እስቲ አንድ ተራ ግቢ በዓይነ ኅሊናችን እንይ። ማታ የብረት በሩ ይዘጋል፤ ከውስጥ ጓጉንቸር ይንጠለጠልበታል፤ ቁልፉ አከራይዋ ትራስ ሥር ወይም የአባወራው ሱሪ ኪስ ውስጥ ያድራል። በግቢው አራት አምስት ተከራይ አለ። መብራት በጠፋበት ሌሊት ውሃ ሲገባ ይህ ሁሉ ሰው ወደ አንዲት በር ይሮጣል፤ በሩ ላይ የሚፈለገው ግን ሌላ ክፍል ውስጥ ያለ ቁልፍ ነው። በር የምንቆልፈው ለሌባ ነው፤ ልክም ነን። ነገር ግን ቁልፉ ሁሉም የሚያውቀው ቦታ፣ ውሃ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ ምስማር ላይ ቢሰቀል ሌባውም አይጠቀምበት፣ እኛም እንድናለን። ወጪው አንድ ምስማር ነው። መታወቂያ፣ የልደት ካርድ፣ የቤት ካርታ፣ የልጆች የትምህርት ማስረጃ፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት በፌስታል ተጠቅልሎ በአንድ ቦርሳ በሩ አጠገብ ይቀመጥ። ቀሪው የስምምነት ጉዳይ ነው፤ አያትን ማን እንደሚያዝል፣ ሕፃኑን ማን እንደሚይዝ፣ የት እንደሚገናኙ። መንገዱ ደግሞ ሁልጊዜ ከወንዙ የሚርቅና ወደ ከፍታ የሚወጣ መሆን አለበት። ማዶ ያለ ዘመድ ጋ ለመድረስ ደቻቱን ማቋረጥ፣ ድልድዩ ላይ ቆሞ ማየትና ቪዲዮ መቅረጽም ጭምር፣ ከዕቅዱ ይሰረዝ።

ግንብ ተሠርቷልኮ የሚለኝ ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ በደቻቱ ዳርና ዳር ግንብ ተሠርቷል፣ ተራራው ላይም የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ተሠርቷል። ይህ ሥራ ብዙ ሰው እንዳተረፈ አልጠራጠርም፤ ጥገናውም ሊዘነጋ አይገባም። ሆኖም ማንኛውም ግንብ የሚሠራው ይመጣል ተብሎ ለተገመተ የውሃ መጠን ነው፤ ከዚያ በላይ የመጣ ውሃ ግንቡን ያልፋል። በየመንደሩ ያለው ቦይ በላስቲክና በቆሻሻ ሲደፈን ደግሞ ውሃው ወንዙ ጋ ሳይደርስ ሰፈር ውስጥ ይተኛል። ግንቡ ቆሞ ሳለም በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጎርፍ በከተማችን ሰው ገድሏል። ወሩንም ልብ በሉ፤ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ወቅት ነው። ስለ ጎርፍ የምናስበው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብቻ ከሆነ የዓመቱን ግማሽ አደጋ ረስተናል። ይበልጥ የሚያሰጋኝ ግን ግንቡ በሰው ልብ ውስጥ የፈጠረው መዝናናት ነው፤ ግንቡን ተማምኖ ወደ ዳር የተጠጋ ቤተሰብ ግንቡ ካልያዘለት ከቀድሞው ይልቅ ለአደጋው ቅርብ ነው።

ሌላው ደግሞ ማስጠንቀቅ የመንግሥት ሥራ ነው ይላል። ነው። የሜትሮሎጂ ትንበያም፣ የአደጋ ጊዜ ጥሪም መኖር አለበት፤ ጥሪውም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ መሆን አለበት፤ በማይገባው ቋንቋ የተጠራ ሰው እንዳልተጠራ ነው። ግን ከተራራው እስከ ከተማው ውሃው የሚፈጅበት ጊዜ አጭር ነው፤ ያንን ጊዜ ወሬው በቢሮ በኩል ዞሮ እስኪመጣ ብንጨርሰው ለመውጫ የሚተርፈን ጥቂት ደቂቃ ነው። እኛ ደግሞ በየዕለቱ ከላይ የሚወርድ ዓይን አለን። ከሐረር፣ ከሐሮማያ፣ ከአዴሌ በደንገጎ በኩል የሚመጡ ሾፌሮች ዝናቡን ከማንም በፊት ያዩታል። ደንገጎ ላይ የሚኖር ዘመድ ያለው ሰውም በመካከላችን ሞልቷል። ከየሰፈሩ ሁለት ሰው ከእነሱ ጋር በአንድ ቴሌግራም ግሩፕ ቢገናኝ፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር አጭር የድምፅ መልእክት ቢላክ፣ ኔትወርክ ከተቋረጠም የሰፈር ወጣት በፉጨትና በቆርቆሮ ቢቀሰቅስ ብዙ ይጠቅማል። የሐሰት ወሬ ይበዛል የሚለውን ስጋት አውቀዋለሁ። በከንቱ የተነሣ ሰው ግን የሚያጣው የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው፤ ያልተነሣው ሊያጣ የሚችለውን 1998 አሳይቶናል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ንብረቴን ለማን ትቼ ልውጣ የሚለው ነው። ይህን የሚለውን ሰው ሞኝ ማለት አይገባም። ወንዝ ዳር የሚኖር ብዙ ሰው እዚያ የሚኖረው ኪራዩ ስለሚረክስ ነው፤ ሀብቱ በሙሉ ያለውም በዚያች ክፍል ውስጥ ነው፤ የስፌት መኪናው፣ ለነገ ገበያ የተገዛው ሸቀጥ፣ የዕቁቡ ብር። መፍትሔው የስጋት ቀን ዕቃውን ገና በጊዜ ማዳን ነው። ደንገጎ ላይ ጠቁሮ ሲመሽ የስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ላይ ትውጣ፣ ሸቀጡ ቆጥ ላይ ይደር፣ ብሩ ቦርሳው ውስጥ ይግባ። ይህን ማታ የጨረሰ ሰው ሌሊት እግሩ አይያዝም። ባዶውን ቤት የመጠበቅ ነገርም በዕድር ሊነሣ ይገባል፤ ለቀብር የሚደራጅ ዕድር ቀብር እንዳይበዛም መደራጀት ይችላል።

እኛ ከዚራ ያለነውስ? ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቀየሰው ቀጥ ያለ ጎዳናችንና ዛፉ ጎርፍ የሌሎች ጉዳይ ነው የሚል ስሜት ይሰጣል። ግን ቀፊራ ገበያ ሄደን እንገበያያለን፤ ልጆቻችንና ሠራተኞቻችን ወንዙን ተሻግረው ይመላለሳሉ። ከወንዙ ራቅ ላለ ቤት ግን የበረዶ አገሩ ምክር፣ ቤት ተቀምጦ መጠበቅ፣ በእርግጥም ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ከሳቢያን ጉድጓዶች ውሃ የሚገፋው ፓምፕ ይቆማል፤ ስለዚህ ለሦስት ቀን የሚበቃ የመጠጥ ውሃ በጀሪካን ይኑር፤ ቧንቧው ተመልሶ ሲመጣ የደፈረሰ ከሆነ አፍልቶ ወይም ውሃ አጋር ጨምሮ መጠጣት ነው። ግቢው ውስጥ ውሃ ከገባ ብሬከሩን አጥፉ፤ እግራችሁ ውሃ ውስጥ ሆኖ ግን ቆጣሪ አትንኩ። ጀሪካኑና በርሜሉ ክዳን ይኑረው። በ2006 ዓ.ም. ዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ቺኩንጉንያ ከተማውን ሲያስተኙት፣ በሽታዎቹን ያዛመተችው ትንኝ የምትራባው በየቤቱ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው።

ከዚያ የሚቀረው የእኛ ድርሻ ቦታ ማዘጋጀት ነው። ወደ ከፍታ ውጡ የምንለው ሰው ሲወጣ የሚያንኳኳው በር ይፈልጋል። እያንዳንዱ ከዚራ ያለ ቤት ከወንዙ ወዲህ፣ ዳር ላይ ከሚኖር አንድ ቤተሰብ ጋር ከአሁኑ ይነጋገር፤ ስልክ ይለዋወጥ፤ ቤቱን በሌሊት ያሳየው፤ ሁለት ፍራሽና አንድ ጀሪካን ውሃ ለብቻ ያስቀምጥ። ደንገጎ ላይ በጠቆረ ማታ እንግዶቹ ሳይጠሩ ይምጡ፤ የግቢው በርም ሳይቆለፍ ይደር።