ሲሄዱ የሚረዝም፣ ሲመለሱ የሚያጥር መንገድ

ከፋኩልቲያችን ብዙም በማይርቀው አፍንጮ በር፣ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ ዋሽንግተን የሚጓዙ እናቶችና አባቶች ጥቂት አይደሉም። ከጉዞ ሲመለሱም አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ሲሄዱ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ ሲመለሱ ግን አንድም ቦታ ሳያርፍ ቦሌ ይገባል። ርቀቱ ያው ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከየት መጣ? አንዳንዱ ተሳፋሪ የአውሮፕላኑ ድክመት መስሎት ይሰጋል። ምክንያቱ ግን የከተማችን ከፍታ ነው።

በመጀመሪያ ርቀቱን እንመልከት። ምድር ድቡልቡል በመሆኗ አጭሩ መንገድ በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚሰመረው አይደለም። በሉል ላይ ክር ወጥረን ብንለካ፣ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል እናገኛለን። ክሩ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ ላይ አልፎ፣ ስፔንንና ፖርቱጋልን አቋርጦ አትላንቲክን ይሻገራል። አብራሪዎች እንደ ነፋሱና እንደ አየር ክልሉ ሁኔታ ከዚህ መስመር ዘወር ማለታቸው የተለመደ ነው።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ቀን፣ በዚያ ያለው የአየር እፍግታ በባሕር ወለል ካለው መደበኛ እፍግታ በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ከቆላ የመጣ እንግዳ የአፍንጮ በርን ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው በዚሁ በሳሳው አየር የተነሣ ነው። ለአውሮፕላኑም ነገሩ ይከብዳል። ክንፉን የሚያነሣው ኃይል ከአየሩ እፍግታና ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን፣ ያንኑ ክብደት ከቦሌ ለማንሣት ፍጥነቱ በ16 በመቶ ገደማ መጨመር አለበት። የእንቅስቃሴ ጉልበቱም ከሲሶ በላይ ያድጋል። ሞተሩ ደግሞ የሚስበው አየር ስለቀነሰ ግፊቱ ይደክማል፤ ጎማዎችም ሊያልፉት የማይገባ የፍጥነት ወሰን አላቸው። እንግዲህ መንደርደሪያው ሳያልቅ ለመነሣት ክብደት መቀነስ ግድ ይሆናል። የሚቀነሰውም ተሳፋሪ፣ ጭነት ወይም ነዳጅ ነው። ነዳጅ ቀንሶ መንገድ ላይ መሙላት ከሁሉ የሚሻል በመሆኑ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በየጊዜው በሮም፣ በደብሊንና በሎሜ ሲያርፍ ቆይቷል።

በመልስ ጉዞ ሁለት ነገሮች ይገለበጣሉ። የደለስ ከፍታ 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ አውሮፕላኑ ታንኩን ሞልቶ ይነሣል። በላይኛው የአየር ክፍል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስም፣ በሄደበት ጊዜ ፊቱን የመታውን አውሮፕላን አሁን ከኋላ ይገፋዋል። በዚህ ምክንያት መልሱ 13 ሰዓት ያህል ሲፈጅ፣ መሄጃው ማረፊያውን ጨምሮ 16 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ቲኬት ላይ የሚጻፈው የየአገሩ ሰዓት ስለሆነ ግን መሄጃው አጭር መስሎ ይታያል። ዋሽንግተን በክረምታቸው በ8፣ በበጋቸው በ7 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ መሆኗን ተጓዡ ማሰብ ይኖርበታል።

ከፍታው የሚያስከፍለው ዋጋ የጊዜ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ተጨማሪ ማረፊያ ነዳጅና የአገልግሎት ክፍያ ይጠይቃል፤ ጭነት የሚቀነስበት በረራም ገቢ ያሳጣል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ እንዲገነባ የተወሰነው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የ400 ሜትር መውረድ የአየሩን እፍግታ ከ4 እስከ 5 በመቶ ከፍ ያደርጋል። ቁጥሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ፣ ከ200 ቶን በላይ ለሚመዝን አውሮፕላን በርካታ ቶን ነዳጅ ወይም ጭነት ማለት ነው።