ሕፃኑ ለውዝና እንቁላል መቼ ይቅመስ?

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2000 አንድ ምክር አወጣ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በቤተሰቡ አለርጂ ያለበት ሕፃን የላም ወተት ከ1 ዓመቱ በፊት፣ እንቁላል ከ2 ዓመቱ በፊት፣ ለውዝና ዓሣ ደግሞ ከ3 ዓመቱ በፊት እንዳይቀምስ የሚል ነበር። እንግሊዝም በ1998 ተቀራራቢ ነገር ተናግራ ነበር፤ አለርጂ ባለበት ቤተሰብ እናቲቱ በእርግዝናና በጡት ማጥባት ጊዜ ለውዝ ብትተው፣ ልጇም እስከ 3 ዓመቱ ባይቀምስ ይሻላል ተባለ። ምክሩ ሲሰሙት ልብ ያሳርፋል። የሚያስፈራን ነገር ከልጅ ማራቅ የወላጅ ጠባይ ነው፤ ሐኪም ሲጨምርበት ደግሞ የሚከራከር የለም። ነገር ግን ከምክሩ በስተጀርባ ማዘግየቱ ከአለርጂ እንደሚያድን በአሳማኝ ሁኔታ ያሳየ ጥናት አልነበረም። በቅን ልብ የተሰነዘረ ግምት ነበር።

አለርጂው ግን አልቀነሰም። በአሜሪካ በስልክ በተካሄዱ ተከታታይ ቅኝቶች መሠረት የለውዝ አለርጂ ያለባቸው ልጆች በ1997 ከመቶ 0.4 ነበሩ፤ በ2008 1.4 ደረሱ። ጭማሪውን ያመጣው ምክሩ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ እንዳላዳነ ግን ግልጽ ነው። በዚያው በ2008 አካዳሚው ማዘግየትን የሚደግፍ አሳማኝ ማስረጃ እንደሌለ አምኖ አቋሙን ለወጠ። ይሁን እንጂ «አታዘግዩ» ለማለት ገና ማስረጃ አልነበረውም፤ ወላጁ መሐል ላይ ቀረ።

ማስረጃው የመጣው ከለንደንና ከቴል አቪቭ ነው። የለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የአለርጂ ሐኪም ጊዲዮን ላክ እስራኤል ውስጥ ለሥራ ባልደረቦቹ ንግግር ሲያደርግ፣ የለውዝ አለርጂ ያለበት ልጅ ያከመ እጁን እንዲያወጣ ጠየቀ። ለንደን ቢሆን አዳራሹ ሁሉ እጁን ያወጣ ነበር። እዚያ ያወጡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ነገሩ ስለከነከነው ከባልደረቦቹ ጋር በሁለቱ አገሮች የሚኖሩ የአይሁድ ልጆችን አነጻጸረ፤ የዘር ሐረጋቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ልዩነቱ ከደም የመጣ ነው እንዳይባል። በ2008 በወጣው ውጤት ከእንግሊዞቹ ልጆች 1.85 በመቶ፣ ከእስራኤሎቹ 0.17 በመቶ የለውዝ አለርጂ ተገኘባቸው፤ ልዩነቱ አሥር እጥፍ ያህል ነው። የእስራኤል ሕፃናት ከ8 እስከ 14 ወር ባለው ዕድሜያቸው በወር 7 ግራም ያህል የለውዝ ፕሮቲን ሲበሉ፣ የእንግሊዞቹ ምንም አይቀምሱም ነበር። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ምንጩን አያጡትም። ከበቆሎና ከለውዝ የተሠራው፣ አፍ ውስጥ የሚሟሟው «ባምባ» ነው፤ እዚያ ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ሳይቀር በእጁ ይዞት ይታያል።

ንጽጽር ግን ፍንጭ ይሰጣል እንጂ አያረጋግጥም። ስለዚህ የንጽጽሩ ውጤት ገና ሳይታተም፣ በ2006 ሊፕ የተባለው ሙከራ ተጀመረ። ከ4 እስከ 11 ወር የሆናቸው፣ ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው 640 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን በሳምንት 6 ግራም ያህል የለውዝ ፕሮቲን እየበላ፣ ሌላው ጨርሶ ሳይነካ 5 ዓመት ሞላቸው። በ2015 የታተመው ውጤት ይህን አሳየ፦ ከተከለከሉት 17.2 በመቶ፣ ከበሉት 3.2 በመቶ ብቻ አለርጂ ያዛቸው። እነዚህ እኮ የቀድሞው ምክር በተለይ ያስብላቸው የነበሩ፣ አደጋው የሚያሰጋቸው ልጆች ናቸው። እነሱን ለመጠበቅ ተብሎ የራቀው ምግብ መድኃኒታቸው ኖሯል። በ2024 የታተመው ክትትል ደግሞ ልጆቹ ጎረምሳ ከሆኑም በኋላ ልዩነቱ እንዳልጠፋ አሳይቷል።

ለምን ይህ ሆነ? ላክ ከ2003 ጀምሮ ይዞት የመጣው ማብራሪያ ዛሬ ሰፊ ተቀባይነት አለው። ሰውነት ምግብን በሁለት በር ይተዋወቃል። በአፍና በአንጀት የገባውን መታገሥ ይማራል። በችፌ በተሰነጣጠቀ ቆዳ በኩል የገባውን፣ ከጠረጴዛና ከሰው እጅ የሚነካውን የምግብ ብናኝ፣ እንደ ጠላት የመመዝገብ ዕድሉ ሰፊ ነው። ልጁ ምግቡን እንዳይበላ ሲከለከል ቆዳው ቀድሞ ይተዋወቀዋል ማለት ነው። ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር በእኛ ቤቶች በቂ ትኩረት አላገኘም፤ የጨቅላ ችፌ ቶሎ መታከም አለበት። ቆዳው ለተጎዳ ሕፃንም ከለውዝ ወይም ከሰሊጥ የተጨመቀ ዘይት ከመቀባት፣ ሽታና የምግብ ዘይት የሌለበት ቅባት ይመረጣል።

እንቁላልን በተመለከተ ጃፓኖች ችፌ ላለባቸው ሕፃናት ከ6 ወር ጀምሮ የበሰለ እንቁላል ዱቄት በጥቂቱ ሰጥተው፣ በ1 ዓመታቸው አለርጂ የያዛቸው 8 በመቶ ሲሆኑ ካልተሰጣቸው 38 በመቶ መሆናቸውን በ2017 አሳትመዋል። «የበሰለ» የሚለው ሊሰመርበት ይገባል፤ ጥሬ የእንቁላል ዱቄት በተሞከረባቸው ጥናቶች ሕፃናት ክፉኛ ታመዋል።

ሁሉም ነገር የተፈታ አይምሰለን። እንግሊዝ ውስጥ ጡት ብቻ ለሚጠቡ ሕፃናት ከ3 ወራቸው ጀምሮ ስድስት ዓይነት ምግብ እንዲሰጣቸው በተሞከረበት ጥናት፣ ከተመደቡት ቤተሰቦች ግማሽ ያህሉ እንኳ መርሐ ግብሩን መከተል አልቻሉም፤ የአጠቃላዩም ውጤት ልዩነት አጠራጣሪ ሆነ። ሜልቦርን ውስጥ 1 ዓመት ሳይሞላቸው ለውዝ የሚቀምሱ ሕፃናት ከመቶ 22 ገደማ ወደ 86 ገደማ ሲያድጉ፣ አለርጂው ከ3.1 ወደ 2.6 በመቶ ብቻ ነው ዝቅ ያለው። በዚያው በአውስትራሊያ የታየ ሌላ ነገር ስደተኛ ወላጆችን ሁሉ ሊያሳስብ ይገባል። ወላጆቻቸው ከእስያ መጥተው እዚያ በተወለዱ ልጆች ላይ የለውዝ አለርጂ በዛ፤ እስያ ተወልደው በኋላ በመጡት ላይ ግን አልበዛም። «በአገራችን እንዲህ ያለ በሽታ አናውቅም» የሚለው የአያቶች ቃል እውነት ቢሆን እንኳ፣ ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ለተወለደው የልጅ ልጅ ዋስትና አይሆነውም።

የአሜሪካ መመሪያ በ2017 ተለወጠ። ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለበት ሕፃን ከ4 እስከ 6 ወሩ፣ አስቀድሞ በሐኪም ታይቶ፤ ቀላል ወይም መካከለኛ ችፌ ያለበት በ6 ወሩ አካባቢ፤ ምንም የሌለበት ከሌላው ምግብ ጋር ለውዝ ይጀምር ይላል። የጡቱ ወተት አይቋረጥም። ፍሬው እንዳለ ለሕፃን አይሰጥም፤ ያንቃል፣ ነፍስም ያጠፋል። በደንብ የላመ የለውዝ ቅቤ በሞቀ ውሃ ወይም በእናት ወተት ቀጥኖ፣ ወይም ገንፎው ውስጥ ገብቶ ይቀርባል። ልጁ ጤነኛ በሆነበት ቀን፣ በቀን ብርሃን፣ በማንኪያ ጫፍ ይቀምሳል፤ 10 ደቂቃ ተጠብቆ ደኅና ከሆነ የቀረው ይሰጠዋል፤ ለ2 ሰዓት ያህልም ዓይን አይለየውም። የሚያሳክክ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ ከታየ ይቆማል፣ ሐኪም ይጠየቃል። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ከዛለ ግን ያኔውኑ አምቡላንስ ይጠራል፤ መድኃኒቱ ኤፒነፍሪን ነው፣ የአለርጂ ሽሮፕ አይተካውም። ከተስማማው ደግሞ አንዴ አቅምሶ መተው አይበቃም። በየሳምንቱ መቀጠል አለበት፤ ብዙ ወላጆች የሚዘናጉት እዚህ ላይ ነው።

ለውዝ እንዳልተስማማው በምርመራ የተረጋገጠ ልጅ ካለ፣ ለሐበሻ ቤት የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር፤ የውጭ አገር ሐኪም ላያነሣው ይችላል። ግብጦና አብሽ የለውዝ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ለውዝ የማይስማማቸው አንዳንድ ሰዎች ለእነዚህም ምላሽ እንደሚሰጡ ተመዝግቧል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ግብጦን በምግብ ማሸጊያ ላይ በግድ መጻፍ ካለባቸው 14 የአለርጂ መንስኤዎች ጋር ቆጥሮታል። በሽሮው፣ በበርበሬው ውስጥ ያለውን ለሐኪሙ መንገር ያለብን እኛ ነን።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሕፃኑ ማዕድ ጣጣ ሌላ ነው። በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ልጆች ተቀባይነት ያለውን ዝቅተኛውን የአመጋገብ መስፈርት ያሟሉት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ5 ዓመት በታች ካሉት 38 በመቶ ቀንጭረዋል። እንቁላሉ የሚዘገየው አለርጂ ተፈርቶ ሳይሆን ስለሚሸጥ ነው፣ ወይም በጾም ወራት የፍስክ ምግብ የጾሙን ዕቃ እንዳይነካ ሲባል ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን በሕፃን ላይ ጾም አልጣለችም። ከውጭ የተቃረመ የአለርጂ ፍርሃት እዚህ ማዕድ ላይ ቢጨመር የሚያደርሰው ጉዳት ያሳስበኛል። ክፉኛ ለተጎሳቆሉ ሕፃናት ከ6 ወር ጀምሮ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው፣ አገር ውስጥም የሚመረተው ፕላምፒ ነት እኮ ዋና ግብዓቱ ለውዝና የወተት ዱቄት ነው። በለውዝ ረገድ እዚህ ቀድሞ ሊፈራ የሚገባው ሻጋታ ነው፤ ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበት ይጎዳል፣ ሲቆላም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ለልጅ የሚፈጨው ለውዝ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ የተጨማደደው፣ ቀለሙ የተለወጠውና የሻገተው ከመቆላቱ በፊት አንድ በአንድ ይለቀም።