ስለ ክፍት የሰርቨር ሶፍትዌሮች የደንበኝነት ማሳሰቢያና ስለ አወጋገዱ

ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው የመቈጣጠሪያውን ገጽ ከፍቶ ስሙንና የይለፍ ቃሉን እንዳስገባ፣ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ ትልበታለች። ይህ ሰርቨር የጸና የደንበኝነት ውል የለውም፤ ስላሉት አማራጮች ለማወቅ ወደ ድርጅቱ ገጽ ይሂዱ ትለዋለች። እርሱም «እሺ» የሚለውን ይጫናል፤ መስኮቷ ትጠፋለች፤ ሥራው ይቀጥላል። በማግሥቱም እንዲሁ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህች መስኮት ከወዴት እንደ መጣች፣ እርስዋን ማስወገድ በሕግ የተፈቀደ መሆን አለመሆኑን፣ የሚያስወግዳትም ሰው ምን ዐይነት ኀላፊነት እንደሚሸከም ነው። ነገሩ በብዙ ሶፍትዌሮች ላይ የሚታይ ቢሆንም፣ እኛ በተለይ ፕሮክስሞክስ ቪኢ የተባለውን እንደ ምሳሌ ወስደነዋል።

ፕሮክስሞክስ ቪኢ በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና የሚገኝ ድርጅት የሚያዘጋጀው ሶፍትዌር ሲሆን፣ የመጀመሪያው እትም የወጣው በ2008 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። መሠረቱ ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዐይነት ነው። ተግባሩም አንዱን ኮምፒዩተር ከፋፍሎ እንደ ብዙ ኮምፒዩተሮች ማሠራት ነው። ይኸውም ኬቪኤም በተባለው ዘዴ ሙሉ ኮምፒዩተርን መስሎ ይሠራል፤ ወይም ኤልኤክስሲ በተባለው ዘዴ ቀለል ያሉ ክፍልፋዮችን ያቆማል። በዚህ ሙያ ለብዙ ዓመታት የታወቀው ቪኤምዌር በኅዳር 2023 በብሮድኮም ከተገዛ በኋላ፣ በሚቀጥለው ወር አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ለዘለቄታው የሚያገለግለው ፈቃድ መሸጡ ቀረ። ብዙ መሥሪያ ቤቶችም ሌላ መንገድ ፍለጋ ወጡ። ፕሮክስሞክስ ከታሰቡት መንገዶች አንዱ ስለ ሆነ፣ ከዚያች መስኮት ጋር የሚተዋወቀው ሰው ቀድሞ ከነበረው የተለየ ነው፤ በቤቱ ለመማር የሚሞክረው ብቻ ሳይሆን ደመወዝ እየተከፈለው የሰው ሥራ የሚጠብቀውም ጭምር ሆኗል።

ድርጅቱ የሚተዳደርበትን መንገድ አስቀድመን ካልተረዳን ማሳሰቢያው ትርጕም አይኖረውም። ሶፍትዌሩን ማንም ሰው ያለ ክፍያ ወስዶ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ያልከፈለ ሰው የሚከለከለው የሥራ ክፍል የለም። የሚሸጠው የደንበኝነት ውል ነው፤ ሒሳቡም የሚታሰበው በዓመት፣ በሰርቨሩ ውስጥ ባለው በእያንዳንዱ የሲፒዩ ሶኬት ልክ ነው። ኮሚዩኒቲ፣ ቤዚክ፣ ስታንዳርድና ፕሪሚየም የሚባሉ አራት ደረጃዎች አሉ። የከፈለ ሰው ይበልጥ ተፈትነው የወጡ ማሻሻያዎች ከሚቀመጡበት ጎተራ የመውሰድ መብት ያገኛል፤ በከፍተኞቹ ደረጃዎችም ባለሙያዎቹን የመጠየቅ መብት አለው። ላልከፈለ ሰው ደግሞ ሌላ ጎተራ ተዘጋጅቶለታል፤ ዳሩ ግን በዚህኛው ያሉት ጥቅሎች እንደዚያኛው እንዳልተፈተኑ ድርጅቱ ራሱ በመመሪያው ጽፎታል። ይህ የጎተራ ልዩነትና ማሳሰቢያው የመጡት በ2013 ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች ሁለት ነገሮችን ስለሚያደባልቁ እንለያቸው። አዲስ የተጫነ ሰርቨር ማሻሻያ የሚጠይቀው ከደንበኞች ጎተራ ስለ ሆነ፣ ውል የሌለው ሰው «አልተፈቀደልህም» የሚል መልስ ያገኛል። ይህን ለማስተካከል ጎተራውን ወደ ነጻው መለወጥ ነው፤ መንገዱም በድርጅቱ መመሪያ የተገለጸ የተለመደ ሥራ ነው። መስኮቷን ማጥፋት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ መስኮቷን ያጠፋ ሰው የደንበኞቹን ጎተራ አያገኝም፤ ጎተራውን የለወጠም ሰው ከመስኮቷ አይገላገልም።

የመስኮቷ አሠራር እጅግ ቀላል ነው። የመቈጣጠሪያው ገጽ በብራውዘር ውስጥ የሚሠራ የጃቫስክሪፕት ጽሑፍ ነው። ሰውየው እንደ ገባ፣ ገጹ ሰርቨሩን ስለ ደንበኝነቱ ሁኔታ ይጠይቀዋል፤ መልሱ «የጸና» የሚል ካልሆነ መስኮቷን ያሳያል፤ «እሺ» ሲባልም ወደ ተጠየቀው ሥራ ያልፋል። የማሻሻያ ዝርዝር ሲታደስም ያው ጥያቄ ይደገማል። ይህ ሁሉ የተጻፈው ፕሮክስሞክስሊብ በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ በጥቂት መስመሮች ነው። የተቈለፈ ነገር የለም፤ የተመሰጠረ ነገርም የለም። ድርጅቱ ቢፈልግ ኖሮ ከዚህ የጠነከረ መከላከያ ሊሠራ ይችል እንደ ነበረ ግልጽ ነው፤ አለመሥራቱ በራሱ የሚናገረው ነገር ያለ ይመስለናል።

ስለዚህም ማስወገጃው መንገድ ብዙ ነው። አንዳንዱ «ካልሆነ» የሚለውን ምልክት ወደ «ከሆነ» ይለውጠዋል (በዚህ ዘዴ የተለወጠ ሰርቨር በኋላ ገንዘብ ቢከፈልበት፣ መስኮቷ ለከፋዩ መታየት ትጀምራለች፤ ይህም ሳያስቅ አይቀርም)። ሌላው መስኮቷን የሚጠራውን ትእዛዝ ባዶ ያደርገዋል። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያ ፋይል የአንድ ጥቅል አካል ስለ ሆነ፣ ጥቅሉ ሲሻሻል አዲሱ ፋይል አሮጌውን ይተካዋል፤ መስኮቷም ትመለሳለች። ሰውየውም በዚህ ተሰላችቶ፣ ከማሻሻያ ሁሉ በኋላ ለውጡን በራሱ የሚደግም ትእዛዝ ያስገባል። የድርጅቱ ሰዎች የመስመሮቹን አጻጻፍ በለወጡ ጊዜ ግን ይህ ትእዛዝ የሚፈልገውን ቃል ያጣዋል፤ ወይም ይባስ ብሎ ግማሹን ቈርጦ ግማሹን ይተወዋል። ያን ጊዜ የመቈጣጠሪያው ገጽ ባዶ ሆኖ ይቀራል። በውስጡ የሚሠሩት ኮምፒዩተሮች ሥራቸውን አያቋርጡም፤ ገጹ መቈጣጠሪያ እንጂ ሞተሩ አይደለምና። ነገር ግን ይህን የማያውቅ ሰው በድንጋጤ ሰርቨሩን አጥፍቶ ቢያስነሣው፣ በትንሿ መስኮት ምክንያት የሁሉንም ሥራ አቋረጠ ማለት ነው።

ዴቢያን ለእንዲህ ያለ ነገር ያዘጋጀው የታወቀ መሣሪያ አለው፤ የጥቅሉ ፋይል ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄድና በስፍራው የራሳችን ፋይል እንዲቀመጥ ያደርጋል። አሠራሩ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን የራሱ ዋጋ አለው። የእኛ ፋይል እንደ ተጻፈ ስለሚቈይ፣ በዋናው ፋይል ውስጥ የጸጥታ ጕድለት ተገኝቶ ቢታረም እርማቱ ለእኛ አይደርስም።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። ይህን ሥራ በአንድ ትእዛዝ የሚፈጽሙ የተዘጋጁ ጽሑፎች ከኢንተርኔት ይገኛሉ። ብዙ ሰውም ሳያነባቸው፣ በሰርቨሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ባለው በሩት ስም ያስኬዳቸዋል። የአንዲት መስኮት መሰልቸት ለማስቀረት ሲባል የሰርቨሩን ሁሉ ቍልፍ ላልታወቀ ሰው መስጠት ምን ዐይነት ንግድ እንደ ሆነ አይገባንም። መስመሮቹ ጥቂት ናቸው፤ የሚለውጣቸው ሰው በገዛ እጁ ይለውጣቸው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ሶፍትዌሩ የወጣው በአፌሮ ጂፒኤል ሦስተኛ እትም ነው፤ ይህም ፈቃድ በ2007 በነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የተደነገገ ነው። ፈቃዱ ማንኛውም ሰው የምንጩን ጽሑፍ እንዲያነብ፣ እንዲለውጥና የለወጠውን እንዲያሠራ ይፈቅድለታል። የደንበኝነት ማሳሰቢያም ከዚህ ፈቃድ ውጭ የሆነ ነገር አይደለም። እርግጥ ነው፣ ፈቃዱ ሕጋዊ ማስታወቂያዎች የሚላቸውን፣ ማለት የቅጂ መብትን፣ ዋስትና አለመኖሩንና የፈቃዱን ስም የሚገልጹትን ቃላት ጠብቁ ይላል። ነገር ግን ገንዘብ ክፈሉ የሚል መስኮት ከእነዚህ ውስጥ የሚቈጠር አይመስለንም። ስለዚህ «ማስወገዱ ስርቆት ነው» የሚሉት ሰዎች ፈቃዱን አላነበቡትም ብንል ማጋነን አይሆንም።

ዳሩ ግን «የወደድሁትን ባደርግ ማን ይጠይቀኛል» የሚለውም ሰው 13ኛውን አንቀጽ አላነበበም። አፌሮ ጂፒኤል ከወንድሙ ከጂፒኤል የሚለየው በዚህ አንቀጽ ነው። ተራው ጂፒኤል የምንጩን ጽሑፍ ስጥ የሚለው ሶፍትዌሩን ለሌላ ሰው ባስተላለፍህ ጊዜ ነው። አፌሮው ግን የተለወጠውን ሶፍትዌር ሌሎች ሰዎች በኔትዎርክ አማካይነት ሲጠቀሙበት፣ የተለወጠውን የምንጭ ጽሑፍ ያለ ክፍያ የሚያገኙበትን መንገድ በግልጽ ማቅረብ አለብህ ይላል። እንግዲህ በቤቱ ብቻውን የሚጠቀም ሰው ሁለት መስመር ቢለውጥ ተጠቃሚውም ለዋጩም እርሱ ስለ ሆነ ጥያቄ አይነሣም። አንድ ኮሌጅ ግን ተማሪዎቹ ወደ መቈጣጠሪያው ገጽ ገብተው የየራሳቸውን ኮምፒዩተር እንዲያስነሡ ቢፈቅድና ገጹን ቢለውጠው፣ ለእነዚያ ተማሪዎች ያንን የተለወጠ ጽሑፍ የማቅረብ ግዴታ ይኖርበታል። ግዴታው ከባድ አይደለም፤ ምናልባት አንዲት መስመር ማያያዣ ትበቃለች። ነገር ግን ማሳሰቢያውን ስለ ማስወገድ ሲጻፍ ይህ አንቀጽ የሚነሣው ስንት ጊዜ ነው?

የንግድ ምልክትም ራሱን የቻለ ነገር ነው። የሶፍትዌር ፈቃድ ጽሑፉን እንጂ ስሙን አይሰጥም። ዴቢያን በ2006 ፋየርፎክስን አይስዊዝል ብሎ እስከ 2016 ድረስ በዚህ ስም ያቈየው በዚህ ምክንያት ነው። በ2004 የወጣው ሴንቶስም የሬድ ሃትን ስምና ዐርማ እያወጣ ነበር የሚያትመው።

ሕግ የፈቀደው ሁሉ ደግ ነው ወይ የሚል ጥያቄ ደግሞ አለ። ስለ ሰርቨር ባይሆንም አንድ የታወቀ ክርክር እዚህ ይጠቅመናል። ጄሚ ዛዊንስኪ የተባለው የኤክስስክሪንሴቨር ደራሲ፣ እትሙ ባረጀ ጊዜ «ይህ አሮጌ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ በሶፍትዌሩ ውስጥ አኖረ። ዴቢያን ደግሞ የጸናውን እትም ለዓመታት ሳይለውጥ ስለሚያቈየው፣ ማስጠንቀቂያው ተጠቃሚዎቹን ማወክ ጀመረ። በ2016 ይወገድ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ ደራሲው ማስጠንቀቂያውን ከምታወጡት ሶፍትዌሩን በሙሉ ከስብስባችሁ አውጡት አለ። ፈቃዱ መለወጥን ስለሚፈቅድ ጠቡ የሕግ አልነበረም፤ የደራሲው ቃል ምን ያህል ይከበር የሚል ነበር።

በበኩላችን የፕሮክስሞክስን ጉዳይ ከዚህ ለይተን እናየዋለን። ማሳሰቢያው ለተጠቃሚው ደኅንነት የሚጠቅም ቃል አይደለም፤ የሻጭ ጥሪ ነው። ሻጭ መጥራቱ ነውር የለበትም፤ ገንዘቡ ከሌለ የሚጽፉት ሰዎች አይበሉም፣ እኛም ሶፍትዌሩን አናገኝም። ዋጋው በዩሮ ስለ ሆነ፣ የውጭ ምንዛሪ እንደ ልብ በማይገኝበት እንደ እኛ ባለ አገር ያለ መሥሪያ ቤት ለመክፈል ቢወድ እንኳ ሁልጊዜ አይሆንለትም፤ ይህንም ማስታወስ ፍትሕ ነው። ነገር ግን መስኮቷን የምንነቅፍባት አንድ ነገር አለ። የማስጠንቀቂያ ምልክት ለብሳ ትመጣለች፤ ሰውየውም በየቀኑ ሳያነብ «እሺ» ማለትን ይለምዳል። ዲስክ እያለቀ ወይም ቅጂ ሳይወሰድ ቀርቶ እውነተኛ ማስጠንቀቂያ በዚያው መልክ ሲመጣ፣ ጣቱ ከዐይኑ ይቀድማል። ለተማሪ ሰርቨር መወገዷን የምንደግፈው ከምንም በላይ በዚህ ምክንያት ነው። ደመወዝ ከፋይ ድርጅት ሥራውን ሁሉ ባሳረፈበት ሰርቨር ላይ ግን፣ ከፍሎ መገላገል በሚችልበት ጊዜ በጓሮ በር መገላገሉን አንወድለትም።

ሌሎች ድርጅቶች ይህን በሌላ መንገድ ፈትተውታል። በሬድ ሃት ሊኑክስ ላይ ጥቅል በተጫነ ቍጥር ሰርቨሩ አልተመዘገበም የሚለው ቃል የሚመጣው ከአንድ ተቀጥላ ነው፤ በማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ አንዱን ወደ 0 የለወጠ ሰው ቃሉን ያስቀረዋል። የኡቡንቱ ድርጅትም ከ2022 ጀምሮ ስለ ኡቡንቱ ፕሮ የሚናገሩ መልእክቶችን በማሻሻያ ትእዛዝ ውስጥ አስገብቶ ብዙ ቅሬታ አስነሥቷል፤ ለዜናዎቹ ግን ማጥፊያ ትእዛዝ ሰጥቷል። ፕሮክስሞክስ እንዲህ ያለ ማጥፊያ ስለማይሰጥ ነው ሰው ፋይል ወደ መለወጥ የሚሄደው።

ይህን ለማድረግ የቈረጠ ተማሪ፣ ከለውጡ በፊት የዋናውን ፋይል ቅጂ ያስቀምጥ፤ የለወጠውን መስመርና ቀኑን በሰርቨሩ መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው እንዲያገኘው። ከለውጡ በኋላ መስኮቷ ብትታይ የብራውዘሩ ትውስታ አሮጌውን ፋይል ይዞ ይሆናልና እርሱን ባዶ ያድርግ። ገጹ ባዶ ሆኖ ከቀረ ሰርቨሩን አያጥፋ፤ በኤስኤስኤች ገብቶ የፕሮክስሞክስ ዊጄት ቱልኪትን ጥቅል እንደ ገና ይጫን፤ ፋይሉ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ መስኮቷም ከነቃሏ።